ሰው አልባው የምርጫ ክልል፦ ከኦልድ ሴረም ጉብታ እስከ ዛሬው የብሪታኒያ ካርታ

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ባቡር ይዞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ሶልዝበሪ ይደርሳል። ከከተማዋ በስተሰሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ሲል አንድ ትልቅ ጉብታ ያገኛል። ዙሪያው በጥልቅ ቦይ የታጠረ ነው። አናቱ ላይ የፈረሰ ግንብ አለ። ከግንቡ ዝቅ ብሎ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ሳሩ ውስጥ ተጋድሞ ይታያል። ጎብኚ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ቦታው ኦልድ ሴረም ይባላል።

ይህ ጉብታ እስከ 1832 ድረስ ሁለት የፓርላማ አባላት ነበሩት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ጊዜ ማንቸስተር አንድም አልነበራትም። በ1831ዱ ቆጠራ ማንቸስተር ውስጥ ከ140 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር። ኦልድ ሴረም ላይ ደግሞ ነዋሪ የሆነ መራጭ ጨርሶ አልነበረም።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት ለሳቅ ነው። እውነትም ያስቃል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኦልድ ሴረምን አንድ ተንኮለኛ ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ አልሳለውም። መጀመሪያ ላይ ምክንያት ነበረው። ከዚያ ሰዎቹ ሄዱ፣ መስመሩ ቀረ፣ የሚነካውም ጠፋ። የሚነካው ይጥፋ እንጂ የሚገዛው አልጠፋም። ብሪታኒያ ለ2024ቱ ምርጫ የምርጫ ክልሎቿን እንደ አዲስ የሸነሸነችው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ተብሎ በተበጀ ሕግ ነው። ተሳካላት ወይ? ግማሽ በግማሽ።

ነፋስ የበዛበት ከተማ

ኦልድ ሴረም ሁልጊዜ ባዶ አልነበረም። ዙሪያውን አፈር ቆልለው ምሽግ ያደረጉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በብረት ዘመን የኖሩ ሰዎች ናቸው። ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ በመሃሉ ግንብ ሠሩ። ድል አድራጊው ዊሊያም በ1086 የአገሩን ባለመሬቶች እዚህ ሰብስቦ የታማኝነት መሐላ አስምሏቸዋል። በ1092 ካቴድራሉ ተባረከ። በአምስተኛው ቀን ወጀብ መጥቶ ክፉኛ ጎዳው።

ነገሩ ከጅምሩ አልቀናም። ውኃ ይቸግራል። ነፋሱ አያስቆምም። ካህናቱና የግንቡ ወታደሮች በአንድ ቅጥር ተፋፍገው ይኖራሉ፣ አይዋደዱም። በመጨረሻ ካህናቱ «በቃን» አሉ። በ1220 ከጉብታው በታች ባለው ሜዳ፣ ወንዝ ዳር፣ የአዲስ ካቴድራል መሠረት ተጣለ። ዛሬ ከ120 ሜትር በላይ በሚዘልቀው ማማው የሚታወቀው የሶልዝበሪ ካቴድራል እሱ ነው። ገበያተኛውም ነዋሪውም ካህናቱን ተከትሎ ወረደ። ቆይቶ የአሮጌው ካቴድራል ድንጋይ ራሱ እየተነቀለ ለአዲሱ ግቢ አጥር ዋለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1295 ፓርላማ ሲጠራ፣ ሰዉ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ ሰባ አምስት ዓመት አልፏል። ቢሆንም ኦልድ ሴረም ሁለት ሰው ላከች። ከአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደግሞ በየጊዜው መላክ ለመደች። ከታች ያለችው ሶልዝበሪም የራሷን ሁለት ትልካለች። አንድ ከተማ በሁለት ስም አራት መቀመጫ ያዘ ማለት ነው።

ያኔ ይህ ማንንም አላስቀናም። ተወካይ መላክ ከክብር ይልቅ ዕዳ ነበር። የተወካዩን የቀን አበል የሚከፍለው የላከው ከተማ ነው። ከዚህ ወጪ ለመዳን «እባካችሁ እኛን እለፉን» የሚሉ ከተሞች ሁሉ ነበሩ። ፓርላማው ጉልበት እያገኘ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ዕዳ የነበረው መቀመጫ ሀብት ሆነ።

ድምፁ የመሬቱ ነበር

ሰው ከሌለ ታዲያ ማን ይመርጣል?

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የመምረጥ መብት ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በአንዱ ከተማ ግብር ከፋይ ይመርጣል፣ በሌላው የከተማው ሹማምንት ብቻ። በኦልድ ሴረም መብቱ የተጣበቀው መሬቱ ላይ ነው። በድሮው ከተማ የነበሩ የተወሰኑ ቦታዎች ድምፅ ነበራቸው። ቤቱ ቢፈርስ፣ ቦታው ታርሶ እህል ቢዘራበት፣ ድምፁ አይሞትም። ባለቤቱ የትም ይኑር የት መራጭ ነው። በዘመኑ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያሉት መራጮች ከአሥራ አንድ አይበልጡም ነበር።

በአማርኛ «ካርታ» ስንል የአገር ሥዕልም ነው፣ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫም ነው። ኦልድ ሴረም ላይ ሁለቱ አንድ ነበሩ። የቦታውን ካርታ የያዘ የምርጫውንም ካርታ ያዘ።

ቦታዎቹን ጠቅልሎ የገዛ ሰው ሁለት የፓርላማ መቀመጫ ገዛ ማለት ነው። ችግሩ አንድ ሰው አሥራ አንድ ጊዜ መምረጥ አይችልም። መላ አልጠፋም። ምርጫ ሲደርስ ባለቤቱ የየቦታውን ሰነድ ለወዳጅ፣ ለዘመድ፣ ለጠበቃው ያድላል። እነሱ ለዕለቱ ባለይዞታ ይሆናሉ። መርጠው ሲያበቁ ሰነዱን ይመልሳሉ። ድምፅ ከመሬት ጋር በታሰረባቸው ክልሎች ሁሉ ይህ የተለመደ ዘዴ ነበር። በሞተ ሰው ስም ጡረታ እንደመቀበል ያለ ነገር ነው። ልዩነቱ፣ ይኼኛው ሰው ሁሉ ፊት የሚደረግ መሆኑ ነው።

በ1802 የተደረገው ምርጫ እንዴት እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። እህል በተዘራበት ማሳ ውስጥ፣ የድሮው ከተማ ወሰን ምልክት በሆነች ዛፍ ሥር፣ ጊዜያዊ ዳስ ተጣለ። የቦታው ሹም ምርጫ እንዲደረግ የታዘዘበትን ደብዳቤ አነበበ። ቀጥሎ፣ እኔ ይኼን ነው የምወደው፣ የምርጫ ጉቦን የሚከለክለውን ሕግ አነበበላቸው። የሚሰሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ድምፅ ባላቸው ቦታዎች ላይ ሰው የሚያድርበት አንድ ጎጆ እንኳ የለም። አንድ ቄስ ተነሥቶ ኒኮላስ ቫንሲታርት የሚባል ሰውና ሄንሪ አሌግዛንደር የሚባል ሰው ጠቆመ። ሌላ ተወዳዳሪ አልቀረበም። «ተመርጣችኋል» ተባሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በዚያው ዓመት ጉብታውን ከነድምፁ በ60 ሺህ ፓውንድ የገዛው የካለደን ባላባት ነው። የቤተሰቡ ስም አሌግዛንደር ነው። ከላይ የተጠቆመውን ሁለተኛ ሰው ስም ተመልሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ለሳርና ለእህል ማሳ የሚከፍል ገበሬ የለም። አንደኛው ተመራጭ ቫንሲታርትም ተራ ሰው አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመትም ቆየበት።

ከካለደን በፊት ጉብታው የፒት ቤተሰብ ነበር። ቶማስ ፒት ሕንድ ውስጥ በንግድ የከበረ፣ በኋላም የማድራስ ገዢ የሆነ ሰው ነው። እዚያ የገዛውን ትልቅ አልማዝ በ1717 በንጉሡ ፈንታ ፈረንሳይን ያስተዳድር ለነበረው መስፍን ሸጦለታል። አልማዙ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አለ። «አልማዙ ፒት» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በዚህ ነው። ኦልድ ሴረምን የገዛው ደግሞ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። አልማዙን ሸጠ፣ ጉብታውን ግን ያዘ። የልጅ ልጁ ዊሊያም ፒት በ1735 በሃያ ስድስት ዓመቱ ፓርላማ የገባው በዚሁ ጉብታ ነው። ወንድሙ በሁለት ቦታ ተመርጦ ስለነበር ሌላውን ይዞ ኦልድ ሴረምን ለቀቀለት። ወንድም ለወንድሙ አሮጌ ኮት እንደሚሰጠው። ይህ ሰው በኋላ ብሪታኒያን የመራው ትልቁ ፒት ነው።

ከቤተሰቡ የመጨረሻው ባለቤት ሎርድ ካምልፎርድ ደግሞ ነገረኛ ነበር። በ1801 ጆን ሆርን ቱክን በጉብታው በኩል ፓርላማ አስገባ። ቱክ ቄስ ነው። መንግሥት በአገር ክህደት ከስሶት ነፃ የወጣ፣ የምርጫ ሥርዓቱ ይለወጥ እያለ የሚጮህ ሰውም ነው። ለውጥ ፈላጊው በበሰበሰው በር ገባ። ፓርላማው ተናደደ። ጉብታውን ግን አልነካም። ያደረገው ነገር ቢኖር ቄሶች የፓርላማ አባል እንዳይሆኑ የሚከለክል ሕግ ማውጣት ነው። ያ ክልከላ የተነሣው ስንት ዓመት ቆይቶ ይመስላችኋል? በ2001፣ ልክ በሁለት መቶ ዓመቱ።

ለምን ማንም አልነካውም?

መጀመሪያ አንድ የተረሳ ነገር ላንሣ። ኦልድ ሴረም ከ1832 በፊትም አንድ ጊዜ ተሰርዛለች። ንጉሡ ተገድሎ ኦሊቨር ክሮምዌል አገሩን በያዘበት ጊዜ መቀመጫዎች እንደ አዲስ ተደለደሉ። በ1654ቱ ፓርላማ ማንቸስተርና ሊድስ ተወካይ ነበራቸው። ኦልድ ሴረም አልነበራትም። ማለትም ችግሩ ቀድሞውንም ታውቋል፣ መፍትሔውም ተሞክሯል። በ1659 ግን ወደ ድሮው ካርታ ተመለሱ። ማንቸስተር ያጣችውን ለማግኘት ከ170 ዓመት በላይ ጠበቀች።

ሁለተኛው ነገር ቴክኒካዊ ይመስላል፣ ነገር ግን ቁልፉ እሱ ነው። ነገሥታቱ ቀድሞ ለአዳዲስ ከተሞች መቀመጫ ይሰጡ ነበር። ካርታው ባይቀነስበትም ይጨመርበት ነበር። ንጉሡ ደጋፊዎቹን በዚህ መንገድ ያስገባል የሚል ጥርጣሬ ሲበረታ ይህ ቆመ። በዚህ መንገድ መቀመጫ ያገኘችው የመጨረሻዋ ከተማ ኒውአርክ ናት፣ በ1673። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ ካርታ ደረቀ። የንጉሥን እጅ ለመያዝ የተደረገ ጥሩ ነገር ነበር። ውጤቱ ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ማንም አዲስ ከተማ በሩን ማለፍ አለመቻሉ ሆነ።

ችግሩ ከተሞች የፈሉት በዚያው ጊዜ መሆኑ ነው። የጥጥ ፋብሪካ መጣ፣ የእንፋሎት ሞተር መጣ፣ ሰዉ ወደ ሰሜን ነጎደ። ለንደን አጠገብ ወይም ደቡብ ያሉ ጥንታዊ ቦታዎች ግን መቀመጫቸውን እንደያዙ ናቸው። ኦልድ ሴረም ያለችበት የዊልትሸር አውራጃ 34 የፓርላማ አባላት ነበሩት። ማንቸስተርና ሊቨርፑል ያሉበት ላንካሸር 14።

ሦስተኛው ምክንያት ግልጽ ነው። ሕጉን የሚለውጡት ሰዎች በሕጉ የገቡት ናቸው። በ1793 ለፓርላማው በቀረበ አቤቱታ ላይ 154 ግለሰቦች 307 አባላትን እንደሚያስመርጡ ተዘርዝሯል። ጅብ የሥጋ ጠባቂ ሆኖ «ሥጋው እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ሊል ነው።

ጥብቅና የሚቆሙለትም ነበሩ፣ ክርክራቸውም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ማንቸስተር ተወካይ ባይኖራትም ሌሎች የንግድ ከተሞች ተወካዮች ጥቅሟን ያስጠብቃሉ፣ እያንዳንዱ እንደራሴ የሚወክለው መላውን አገር ነው ይሉ ነበር። ይህንኑ መልስ ለአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎችም ሰጧቸው። «ያለ ተወካይ ግብር አንከፍልም» ሲሉ «ማንቸስተርም እኮ ተወካይ የላትም፣ ግብር ግን ትከፍላለች» ተባሉ። የቦስተኑ ጄምስ ኦቲስ መልስ አጭር ነበር፤ ከሌላት ሊኖራት ይገባል።

በዚህ ክርክር መሃል ትልቁ ፒት በ1766 ተነሥቶ ስለነዚህ ክልሎች ተናገረ። የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ አካል ናቸው፣ መቶ ዓመት አይዘልቁም፣ በራሳቸው ካልወደቁ ተቆርጠው መጣል አለባቸው አለ። አዎ፣ በኦልድ ሴረም የገባው ያው ፒት ነው። ልጁ ትንሹ ፒት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1785 የ36 ክልሎችን ባለቤቶች በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ አስለቅቄ ላጥፋቸው ብሎ ሞከረ። በ248 ለ174 ድምፅ ወደቀበት። መቀመጫ ንብረት ነው የሚለው ሐሳብ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ከካሳው ይታያል። በ1800 አየርላንድ ከብሪታኒያ ጋር ስትዋሐድ ለጠፉት የአየርላንድ ክልሎች ባለቤቶች በያንዳንዱ ክልል 15 ሺህ ፓውንድ በእርግጥም ተከፍሏል።

በአንድ ድምፅ

ኦገስት 16 ቀን 1819 ማንቸስተር ውስጥ፣ ሴንት ፒተርስ በሚባል ሜዳ ላይ፣ 60 ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ። የሚጠይቀው የፓርላማ ለውጥ ነው። ሴቶች ነጭ ለብሰው፣ ልጆች ተከትለው ነው የመጡት። ፈረሰኛ ጦር ሰይፍ መዝዞ ገባባቸው። ቢያንስ አሥራ አምስት ሰው ሞተ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከአራት ዓመት በፊት በዋተርሉ ናፖሊዮንን ያሸነፈ አገር ይኼን በራሱ ሕዝብ ላይ አደረገ ብለው ሰዎች «ፒተርሉ» አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ለውጥ ፈላጊው የፓርላማ አባል ጆን ራስል የምርጫ ማሻሻያ ረቂቅ ሕጉን ማርች 1 ቀን 1831 ይዞ ሲቀርብ ለአዳራሹ አንድ እንግዳ ሰው ሣለላቸው። የእንግሊዝን ነፃነት በዝና ሰምቶ የመጣ የውጭ አገር ሰው ነው። ሕዝቡ ወኪሎቹን እንዴት እንደሚመርጥ አሳዩኝ ይላል። ወደ አንድ አረንጓዴ ጉብታ ይወስዱታል። ይኼ ጉብታ ሁለት ሰው ፓርላማ ይልካል ይሉታል። ቀጥሎ ባዶ የድንጋይ ግድግዳ ያሳዩታል፣ ቀጥሎ ቤት የማይታይበት መናፈሻ። ከዚያ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ፋብሪካና ሕዝብ የሞላባቸውን ከተሞች ያያል። እነዚህስ ስንት ይልካሉ? ምንም።

ረቂቁ በሁለተኛው ንባብ በ302 ለ301 አለፈ። በአንድ ድምፅ! ከዚያ ተጨናገፈ፣ ምርጫ ተጠራ፣ ለውጥ ፈላጊዎቹ በሰፊው አሸነፉ። ኦክቶበር ላይ የፓርላማው የላይኛው ቤት፣ የሎርዶች ምክር ቤት፣ በ41 ድምፅ ብልጫ ጣለው። ኖቲንግሃም ላይ ግንቡ ተቃጠለ። ብሪስቶል ለሦስት ቀን ታመሰች። በመጨረሻ ንጉሡ አዳዲስ ሎርዶች ይሾማል የሚለው ማስፈራሪያ ነው የላይኛውን ቤት ያንበረከከው። ጁን 7 ቀን 1832 ሕግ ሆነ። 56 ክልሎች ሙሉ በሙሉ ተሰረዙ። ኦልድ ሴረም አንዷ ናት። ማንቸስተር፣ በርሚንግሃም፣ ሊድስ፣ ሼፊልድ መቀመጫ አገኙ። የካለደን ቤተሰብ በ60 ሺህ ፓውንድ ለገዛው ድምፅ ሰባራ ሳንቲም አልተከፈለውም።

የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ ይባላል። በዚያው ሕግ ከተሰረዙት አንዷ በምሥራቅ ጠረፍ ያለችው ደኒች ነበረች። የእሷን ደግሞ አብዛኛውን ባሕር በልቶታል። የሰመጠ ወደብ ሁለት ተወካይ ነበረው።

1832 ዴሞክራሲ አመጣ የሚል ሰው ካለ ግን አትመኑት። ከሕጉ በኋላም በእንግሊዝና ዌልስ የመረጠው ከአዋቂ ወንዶች አንድ አምስተኛው ያህል ነው። ሕጉ መራጭ «ወንድ» ነው ብሎ በግልጽ ጽፎ ሴቶችን ዘጋ። ምስጢራዊ ድምፅ የመጣው በ1872 ነው። ሴቶች ከወንዶች እኩል የመረጡት በ1928። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሁለተኛ ድምፅ ይሰጥ የነበረበት መብት የተሻረው በ1948 ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው በ1944 የመጣውን ነው፤ ካርታውን በየጊዜው የሚያዩ ቋሚ የወሰን ኮሚሽኖች ተቋቋሙ። የደረቀው ካርታ የሚያጠጣው አገኘ።

የዛሬው ካርታ ማንን ይቆጥራል?

አሁን የሚሠራው የ2020 ሕግ ነው። 650 ክልሎች አሉ። ለያንዳንዱ የሚደርሰው አማካይ መራጭ 73,393 ሆኖ ተሰላ። ከዚያ በአምስት በመቶ ብቻ ነው ከፍ ዝቅ ማለት የሚቻለው፤ ከ69,724 እስከ 77,062። ከዚህ ነፃ የሆኑት ደሴቶችን የያዙ አምስት ክልሎች ናቸው። ጀልባ እየቀያየሩ የሚዞሩበትን ክልል በቁጥር ብቻ መለካት አይቻልም ተብሎ ነው። ዌልስ ከ40 ወደ 32 ወረደች፣ እንግሊዝ ከ533 ወደ 543 ወጣች። ኮሚሽኖቹ የጨረሱትን ፓርላማው ድምፅ ሰጥቶ መጣል አይችልም። ጅቡ ከሥጋው ተነሥቷል።

ይህን ከአሜሪካ ጋር ብታስተያዩት ልዩነቱ ይታያችኋል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ዳላስ ያላችሁ አንባቢዎች ያያችሁት ነው። በ2025 የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች አምስት መቀመጫ ለመጨመር ካርታቸውን ከጊዜው ውጭ ሳሉ። ካሊፎርኒያ በኖቬምበር ሕዝበ ውሳኔ አጸፋውን መለሰች። ያ ካርታ ለማሸነፍ የሚሳል ነው። የብሪታኒያው በሽታ ግን ሌላ ነው። ካርታው ሰዉን ተከትሎ የሚሄደው ዘግይቶ ነው።

ለምን? ለ2024 የተሳለው ካርታ የተመሠረተው ማርች 2 ቀን 2020 በነበረው የመራጮች መዝገብ ላይ ነው። ምርጫው ሲደረግ ቁጥሩ አራት ዓመት አልፎታል። የሚቀጥለው ክለሳ ሪፖርት የሚደርሰው በ2031 ነው። በመሃል ያለው ምርጫ ከ2029 አያልፍም። ስለዚህ የዚያን ጊዜውም ምርጫ የሚካሄደው በ2020 ቁጥር ነው። መንግሥት በጁላይ 2025 ዕድሜያቸው 16 እና 17 የሆኑ ወጣቶች እንዲመርጡ አደርጋለሁ ብሏል። በሚቀጥለው ምርጫ ድምፅ ቢሰጡ እንኳ ክልሉ ሲሸነሸን አልተቆጠሩም።

ሌላው ነገር የሚቆጠረው ነዋሪ ሳይሆን የተመዘገበ መራጭ መሆኑ ነው። የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ግምት እስከ 8 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች በመዝገቡ ላይ የሉም ወይም በትክክል አልተመዘገቡም። ቤት የሚከራይ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለቅ፣ ወጣት ሰው ነው በብዛት የሚጎድለው። የራሱ ቤት ያለው ሰው በመዝገቡ ላይ አይጠፋም። ኦልድ ሴረምን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለቱ አይቀርም። ድምፅ ከመሬት ተላቋል፣ የቤት ባለቤትነት ግን አሁንም ሳይታይ ክብደት ይጨምራል። መንግሥት ምዝገባው ወደፊት በራሱ የሚሠራ ይሆናል ብሏል። ያ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፣ ከዕድሜው ለውጥ ይልቅ ካርታውን የሚያናውጠው እሱ ይመስለኛል።

ሐበሻውን የሚመለከተው ደግሞ ይኼ ነው። በብሪታኒያ የፓርላማ ምርጫ የሚመርጡት የብሪታኒያ፣ የአየርላንድ እና የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የብሪታኒያ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አገሮች ዜጎች ናቸው። አንድ ኬንያዊ የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ይመርጣል። ሩዋንዳዊውም ይመርጣል፣ አገሩ በ2009 ኮመንዌልዝ ገብታለችና። ጎረቤቱ ያለው ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ፣ ዜግነት እስካልወሰደ ድረስ፣ አይመርጥም። ሃያ ዓመት ግብር ቢከፍልም። መዝገቡ ላይ ስለሌለ ክልሉ ሲለካም የለም። ካርዲፍ ወይም ግላስጎው ቢሆን ኖሮ በአካባቢ ምርጫ ይሳተፍ ነበር፣ ስኮትላንድና ዌልስ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር የውጭ ዜጋ ከፍተውታልና። ለንደን ውስጥ ያም የለም። ይህ ትክክል ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። ምርጫ የዜጋ ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ፣ ይገባኛል። ግን እንደራሴው ጋ ለቪዛ፣ ለቤት፣ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ደብዳቤ የሚጽፈው ይኸው ያልተቆጠረው ሰው ነው። ስደተኛ የበዛበት የለንደን ክልል እንደራሴ በመዝገብ 74 ሺህ፣ በተግባር ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሰው ያገለግላል።

እኩል ክልል ማለት እኩል ውጤት ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ። በጁላይ 2024 ሌበር ፓርቲ በ33.7 በመቶ ድምፅ 411 መቀመጫ ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 መቀመጫ ይዞ ወጣ። ሊበራል ዴሞክራቶች ከሪፎርም ያነሰ ድምፅ፣ 12.2 በመቶ፣ ይዘው 72 አገኙ። በየክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት፣ እኛም አገር ያለው ይኸው ነው፣ ድምፁ የት ተከማቸ የሚለው ወሳኝ ነው። ይህን የወሰን ኮሚሽን ሊፈታው አይችልም። እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ዘንድሮ የዜግነት መሐላ የሚፈጽም አንድ የዌምብሊ ነዋሪ አስቡ። ወዲያው ይመዘገባል። እስከ 2029 ባለው ምርጫ ድምፁን ይሰጣል። የሚመርጥበት ክልል የተለካው ግን እሱ ሳይኖርበት፣ በ2020 መዝገብ ነው። ስሙ ከክልል ልኬት ውስጥ የሚገባው ለ2031ዱ ክለሳ መዝገቡ ሲወሰድ ነው። ያውም እስከዚያ አከራዩ ካላስለቀቀውና አዲሱ አድራሻው ላይ መመዝገብ ካልዘነጋ።